ባቡሩን የማታየው ሴት

በዚያን ጊዜ መርሳ ላይ የእኔ ብሩሽ ያላለፈበት መፈክር አልነበረም። ቀይ አቡጀዴው ይመጣልኛል፣ ነጩ ቀለም ይመጣልኛል፣ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ይመጣልኛል፤ እኔ በቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኬ ፊደሎቹን አሰማምሬ አሰልፋቸዋለሁ። ኢምፔሪያሊዝም እንዲወድም የእኔን ያህል ጉልበቱ የተላጠ ሰው በሀብሩ ምድር የነበረ አይመስለኝም። ወዳጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ያኔ ማን እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ስሜ ትርንጎ ነው። ሃያን ተሻግሬ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖራለን፤ ፊደል እንጂ ሰው ስዬ አላውቅም ነበር።

ሰው መሣል የአባቴ ሙያ ነበር። ከወልድያ በላይ፣ በጉባ ላፍቶ ደጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ሴት ልጁን ብሩሽ ባያስይዛትም ቀለም ያስፈጫት ነበር። ቀለም እየፈጨሁ ያየሁት አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ደግ ሰው ፊቱ ወደ እኛ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ክፉ ሰው ሰውን ፊት ለፊት ማየት አይችልም አለኝ። እሱ ሲያርፍ እኔና እናቴ ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ መርሳ ወረድን፤ ሕጉም አብሮኝ ወረደ።

ጋሽ እንድሪስ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የውርጌሳ ተወላጅ ናቸው። መንግሥት ውጭ አገር ልኮ ለዓመታት ሥዕል አስተምሯቸዋል፤ ሲመለሱ የተገኘላቸው ሥራ ግን ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀምጠው የማሽላ ተባይ መሣል ሆነ። የአገዳ ትሉን ከነፀጉሩ፣ ፌንጣውን ከነጉልበቱ እየሣሉ ለገበሬ ማስተማሪያ ይሰጣሉ። ሥራቸውን አይንቁትም፤ ዓመቱን ሙሉ ከትል ጋር መዋል ግን ሰው ያስናፍቃል ይሉ ነበር። በመንገድ ሲያልፉ መፈክሬን አይተው ፊደሉን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሴት ናት ሲሏቸው ከመኪና ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ መልስ እየመጡ በዚያው አዳራሽ የዘይት ቀለም ያስተምሩኝ ጀመር።

ማስተማሪያቸው መቅዳት ነበር። ከውጭ ያመጡት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበራቸው፤ አንደኛው ገጽ ላይ ብዙ ሕዝብ የተሣለበት ሥዕል አለ። ባቡር ጣቢያ ነው። ሕዝቡ በረዶ ላይ ቆሞ ባቡር ይጠብቃል፦ ጓዝ የታቀፉ ሴቶች፣ የፀጉር ቆብ የደፉ ወንዶች፣ ከረጢት ላይ የተኛ ልጅ፣ እጁን በትንፋሹ የሚያሞቅ ወታደር። ዳር ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት ለብቻዋ ቆማ ባቡሩ ወደሚመጣበት ታያለች። ይህን በእርሳስ ካሬ ካሬ አድርጌ ከፋፍዬ፣ ኮላና ነጭ ቀለም በጠጣ አቡጀዴ ላይ አሳድጌ እቀዳዋለሁ። ከውጭ የመጣው ዘይት ሲያልቅ ጋሽ እንድሪስ ተልባ አስጨምቀው ፀሐይ ላይ አጠሩት፤ ብሩሹን የምናጥበው በነጭ ጋዝ ነበር።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ውጭ የመርሳ ሙቀት ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ የበሰለ ብርቱካን ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ በረዶ እሥላለሁ። የእኛ አገር በረዶ ጣራ ደብድቦ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሰማያዊ ጥላ ለብሶ፣ የትም የመሄድ ሐሳብ የለውም። ዓይኔ ሲደክም ሰዎቹ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው የሚያዛውሩ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ እንቅልፍም ሳይወስደኝ ጣቢያው ውስጥ እገባለሁ፤ ማንም አያውቀኝም፣ እኔም ማንንም አላውቅም፣ ግን ሁላችንም አንድ ነገር እንጠብቃለን። ብርድ ይሰማኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቤት ስገባ እናቴ እጄን ነክታ በዚህ ቆላ እንዲህ የቀዘቀዘው ምን ነክተሽ ነው ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ጓደኛቸው አዲስ አበባ በሥዕል ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ነገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት የመሥሪያ ቤታቸው መኪና ወደዚያ ይሄዳል። ቅጂውን ይዤ ከቀረብኩ ሊቀበሉኝ ይችላሉ፤ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። እናቴን ሊያስፈቅዱልኝ ቤታችን ድረስ መጥተው በብዙ አክብሮት ለመኗት። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና "እንደ ፍጥርጥሯ" አለች። 

ይህ ፊት ማዞር አዲስ አልነበረም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳናግራት ነጠላዋን በአንድ ወገን ሳብ አድርጋ፣ ጉንጯን ሰጥታኝ ነው የምትሰማኝ። ያመጡልኝን ባል እምቢ ያልኩት በዚያው ሰሞን ስለነበር ቂም ይዛብኛለች ብዬ ደመደምኩ። አባቴ የሣላቸው እነዚያ ክፉዎች ትዝ ይሉኝና በራሴ አፍሬ ሐሳቡን አባርረዋለሁ። መሄድ እፈልግ ነበር፤ ያቃጥለኝ ነበር። ግን እናቴ ሳትመርቀኝ፣ ፊቷን እንዳዞረችብኝ፣ ከቤት ወጥቼ ምን ዓይነት ሠዓሊ እሆናለሁ? ያንን ሁሉ በረዶ የሣልኩት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንድሪስ ሥዕሉን ለማየት መጡ። ራቅ አሉ፣ ቀረብ አሉ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

"ትርንጎ፣ ይኼ ባቡር ጣቢያ ነው ወይስ የቅዱሳን ጉባኤ? አንድ ሳይቀር ሁሉም እኔን ያዩኛል እኮ።"

እኔም አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። በዋናው ሥዕል ላይ ግማሹ ሰው ፊቱን ያዞረ ነው። በእኔ ላይ ግን ወታደሩም፣ ባለቆቦቹም፣ ተኝቶ የነበረው ልጅ እንኳ ሳይቀር በሁለት ዓይኑ ያፈጣል። እጄ ሳያማክረኝ ሁሉንም አጽድቋቸዋል። የአባቴን ሕግ ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። የተከበረ ሕግ ነው፣ የዚህ ሥዕል ሕግ ግን አይደለም አሉኝ። ሌሎቹን ይሁን ብለው አለፏቸው፤ አሮጊቷ ጋ ሲደርሱ ቢላዋ አንሥተው ያልደረቀ ፊቷን ፋቁት።

"ባቡሩ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው" አሉ። "እሷ አንቺን ካየች ባቡሩን ማን ያየዋል?"

ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቀው በእሷ ዓይን ነው፤ እሷ ከሌለች ሰዎቹ ዝም ብለው ብርድ ላይ የቆሙ ናቸው አሉኝ። ከዚያም የቤት ሥራ ሰጡኝ። ነገ አንዲት እናት ፈልጊ፣ በጎኗ ተቀመጪ፣ እስኪበቃሽ እያት፤ ሰው ፊቱን ሲያዞር ሰው መሆኑ እንደማይቀር እጅሽ ይወቀው ብለው ሄዱ።

ዓርብ እናቴ ጓሮ፣ ብርቱካኑ ጥላ ሥር ምስር ትለቅም ነበር። ልሣልሽ ስላት የእኔን ግንባር ማን ሊያየው ነው ብላ ተግደረደረች፤ ግን አልተነሣችም። በግራዋ በኩል በርጩማዬን ሳስቀምጥ መላ አካላቷን አዙራ ቀኝ ጉንጯን ሰጠችኝ። ቦታ ብቀይር ያው ነው። ልቤ ቆሰለ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ብታየኝ ምን ነበረበት አልኩ። የሚያስፈልገኝ ጎኗ ነውና ዋጥ አድርጌው እርሳሴን አነሣሁ።

 ፀሐይ በቅጠሉ መካከል እየሾለከች ነጠላዋ ላይ ትወዛወዛለች። ከመንገዱ ማዶ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ የእግር ኮቴና የቀስታ ወሬ ይሰማል፤ ንቦች በራሳችን ላይ ያንዣብባሉ። ያ ሰዓት የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳለ ዛሬም አላውቅም፤ ጣቢያውና ጓሯችን የተቀላቀሉ መሰለኝ፤ ብርቱካኑ ሥር በረዶ ቢጥል አልገረምም ነበር። የእናቴ ጣቶች ጠጠሩን ከምስሩ እየለዩ ይጥላሉ፤ ሰፌዱን ግን አንድ ጊዜም አላየችውም። ግንባሯን ሣልኩ፣ አፍንጫዋን ሣልኩ፣ የከንፈሯን ጥግ ሣልኩ። ዓይኗ ላይ ደረስኩ።

ከጎን የሚታይ ሰው ዓይን ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ብሌኑን መፈለግ ነበረብኝ። የእናቴ ፊት ወደ አጥሩ ነው። ብሌኗ ግን አጥሩ ላይ አልነበረም። እስከሚችለው ድረስ ተስቦ፣ ወደ ዓይኗ ጥግ ተጠግቶ፣ እኔ ላይ ነበር።

እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ብሌኑ ተከተለው። ወደ ታች አወረድኩ፤ ወረደ። ፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም።  ተነሥቼ በዝግታ ከኋላዋ ዞርኩና በግራዋ በኩል ተንበረከክሁ። ነጠላዋ ሸርተት ብሏል። ግራ ዓይኗ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጥቷል። እጄን አጠገቡ አድርጌ ባወዛውዘው አልተርገበገበም።

"ትርንጎ፣ የት ሄድሽ?" አለች። ፊቴ ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

"እዚህ ነኝ፣ እምዬ።"

ደነገጠችና ነጠላዋን ልትስብ እጇን ሰደደች፤ ያዝኩት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ግራው ባለፈው ክረምት ፈጽሞ እንደጠፋ፣ ቀኙም አሁን አሁን ጉም እየገባበት እንደሆነ፣ ሰው እንደሚታያት፣ ማንነቱን ግን በድምፁ እንደምትለይ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሆና ነገረችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትሄጃለሽ?"

 አፌ ላይ የመጣው ዓመት ሙሉ ያፈንኩት ነገር ነበር።

"ፊትሽን ስታዞሪብኝ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።"

"አዙሬብሽ አይደለም፣ ልጄ" አለች፤ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። "በዚህኛው ካልሆነ አላይሽም።"

አለቀስኩ። ዝም ብሎ እንባ ማፍሰስ አይደለም፤ ጎረቤት እስኪሰማ፣ አባቴ ሲሞት እንኳ ያላለቀስኩትን ያህል። ዓመቱን ሙሉ እኔን ለማየት ስትታገል እኔ ቂሟን ስቆጥር ኖሬአለሁ። እሷ ግን ብዙ አልታገሠችኝም። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርጋ፣ በቃ ተነሽ፣ ነገ መኪናው ይመጣል፣ ሥራሽን ጨርሺ አለች። እንባዬ ሳይደርቅ አዳራሹ ገብቼ ያችን አሮጊት ሣልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለደግ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ሰጠሁ፤ ብሌኑንም ባየሁት ቦታ፣ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ እንድሪስ ሲመጡ ቢላዋቸው በእጃቸው ነበር። አሮጊቷን ብዙ አዩዋት።

"አሁንም አንቺን ነው የምታየው" አሉ ቀስ ብለው።

የሆነውን ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ቤታችን ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እናቴ ፊት ጎንበስ ብለው "እናቴ፣ የነገ መንገዳችን በደሴ ነው። እዚያ የዓይን ሐኪም አለ። ይነሡ፣ አብረን እንሂድ፤ አላህ ያውቃል" አሏት። እናቴ አሰበችና አንድ ነገር ካስማማን እሺ አለች። "እኔን ሐኪም ቤት ታደርሱኛላችሁ፤ ትርንጎ ግን እኔ ዘንድ አትቀርም፣ መንገዷን ትቀጥላለች" አለች። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አዩ። እኔም እሺ አልኩ፤ የምዋሽ ይሁን የምምል ለራሴም አልታወቀኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ተሳፈርን። ያልደረቀው ሥዕል ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ውርጌሳን ስናልፍ ጭጋጉ ገና ከማሳው አልተነሣም ነበር። የቱ ጋ ደረስን ትለኛለች፤ ያየሁትን እነግራታለሁ። ማሽላው ቀልቷል፣ ጉሙ ተራራውን ከወገቡ ቆርጦታል፣ አንድ ሰው ግመል እየሳበ ነው፣ ግመሉ ወርቅ መስሏል እላታለሁ። ቀለም በስሙ ስጠራላት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ እንደገና በይ ትለኛለች። መኪናው የሚሄድ ሳይሆን አገሩ በአጠገባችን የሚፈስ ይመስለኝ ነበር። ያ መንገድ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ፤ ሲያልቅ የሚጠብቀኝን አውቃለሁና።

ደሴ ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። ግራው አልቋል። ቀኙን የያዘው ሞራ ነው፤ ቶሎ ካልተገፈፈ እሱም ይሄዳል። ዛሬ ብትተኛ ሰኞ ይሠራላታል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ታሽጎ ለቀናት ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት፤ አብሯት የሚሆን ሰው አለ ወይ አለ። እናቴ ከእኔ ቀድማ ሐኪም ቤት ሰው አይጠፋም ብላ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ፣ ቀኝ ጉንጯን ሰጥታ ዞረች።

"ሂጂ" አለችኝ። "መርቄሻለሁ። ያንን ነበር የምትፈልጊው፤ ይኸው። ሂጂ።"

ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ጋሽ እንድሪስ በሩን ከፍተው ይዘውልኛል። አንድ እግሬን አስገባሁ። አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ እናቴ እዚያ የለችም፤ ብትኖርም ከዚያ ርቀት አታየኝም። የምታየው ነገር ሲመጣ፣ ፋሻው ሲፈታ፣ መጀመሪያ ማንን ታያለች ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በላይ አላሰብኩም። ሥዕሉን ጋሽ እንድሪስ እጅ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀለሙ እንዳይነካዎት አልኳቸው፣ እግሬን ከመኪናው አወጣሁ።

"ምዝገባው ሰኞ ነው፣ ትርንጎ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

 እናትሽን አላህ ይማራቸው ብለው በሩን ዘጉ።

ተመልሼ ስገባ እናቴ ኮቴዬን ለይታ ተቆጣች፤ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ዓይኗ ታሽጎ በተኛችባቸው ቀናትም ቁጣዋ አልበረደም፤ ሾርባ ሳጎርሳት እንኳ እየተቆጣች ትውጣለች። ፋሻው የተፈታ ጠዋት ሐኪሙ ወፍራም መነጽር አደረገላት። ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ እኔን አየች። ብዙ አየችኝ። ልትቆጣ የጀመረችው ነገር ከአፏ ሳይወጣ ቀረ፤ ሁለት እጇን ሰድዳ ፊቴን ያዘችና "ከስተሻል" አለችኝ።

ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ የሆነውን ነገሩኝ። ቅጂው ጥሩ ነው ተብሏል። አሮጊቷ ግን የዋናው ሥዕል አሮጊት አይደለችም፣ ይህችን ከየት አመጣቻት ብለው መምህራኑ ጠየቋቸው፤ እናቷ ናት አልኳቸው አሉኝ። ለመጪው ዓመት ትምጣ ተባለ። በመጪው ዓመት መንገዱ የወታደር ሆነ፤ ጋሽ እንድሪስም ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ እኔም መርሳ ከመፈክሬ ጋር ቀረሁ።

ወዳጆቼ፣ አልጸጸትም ብዬ አልዋሻችሁም። እዚያ ትምህርት ቤት ብገባ ምን እሆን ነበር እያልኩ ስንት ከሰዓት አሳልፌያለሁ። ሠዓሊነቴ ግን ከዚያ ሳምንት ይጀምራል። እናንተም የሚያኮርፋችሁ፣ ፊቱን የሚያዞርባችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ከመቀየሜ በፊት በሌላው በኩል ዞሬ አየዋለሁ። አንዳንዱ እውነትም ጠልቶኝ ነው፤ እሱንም አይቼ እመለሳለሁ። ብዙዎቹ ግን በቻሉት በኩል እያዩኝ ኖረዋል።

አገር ሲረጋጋ ከሰው ሥዕል መቅዳት ትቼ ግራና ወደምትባለው ከተማ ገበያ እየወጣሁ የራሴን ሕዝብ መሣል ጀመርኩ። ሰዉ ብሩሽ ሲያይ ሥራውን ትቶ ይዞርልኛል፣ ወንዱ ጥምጣሙን ያስተካክላል፣ ሴቷ ሻሿን ታጠብቃለች። እናቴ ያንን መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ትቀመጥና "እናንተ ሰዎች፣ እሷን ተዉአትና ወደ ገበያችሁ እዩ" ትላቸዋለች። ይሰሟታል፤ ወደ እህላቸው፣ ወደ ፍየላቸው ይዞራሉ። እኔም እሥላለሁ። እሷ ራሷ ግን፣ ቀና ባልኩ ቁጥር፣ እኔኑ ታያለች።